የእድር መልእክት ያልተነበበበት ጠዋት

ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ የምቀመጥባት ወንበር ተሽከርካሪ ስለሆነች ፕሮግራም እያቀረብኩ እንኳ ግራ ቀኝ እላለሁ። ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ «ድምፅሽ እየሄደ እየመጣ ነው» ለማለት በእጁ ያስፈራራኛል። እናቴ ደግሞ ታክሲ ውስጥ የወለደችኝ ይመስል «አንቺ ልጅ፣ ወራጅ አለ ሳይባል የምትነሺ» ትለኛለች። ከተመረቅሁ ጀምሮ በየዓመቱ ይህን ጣቢያ ልለቅ ነው እላለሁ፤ በየዓመቱም እቀራለሁ። ደመወዙ አይደለም የያዘኝ፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለምና።

ጣቢያው አራት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅ ተለብጧል፤ ክረምት ሲገባ ስፖንጁ እርጥብ ውሻ ውሻ ይሸታል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ተማሪዎች ልምምድ ይሠሩበታል። ጠዋቱ ግን የሰፈሩ ነው፣ የሰፈሩን ጠዋት የማቀርበው ደግሞ እኔ ነኝ። ማሰራጫችን አቅመ ቢስ ነው። ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ ፖስታ ቤት ሳይደርሱ ድምፃችን መንሿሿት ይጀምራል። ስለዚህ የሚያዳምጠን ሰው ሁሉ በእግሩ መጥቶ ሊሰድበን የሚችል ሰው ነው፤ እየመጣ የሚሰድበንም አለ።

ሰዉ የሚወደን ለዘፈናችን አይደለም፤ ለእድር መልእክት ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፍ ነበር። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ እድርተኛው እዚህም እዚያም ተከራይቶ ሲበተን ጥሩምባው የማይደርስበት ቤት በዛ። አንድ ቀን የእድሩ ሰብሳቢ፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡና «ልጆች፣ ጥሩምባ ሁኑልን» አሉን። ሆንን። ከሁለት ሰዓቱ ዜና ቀጥሎ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሚፈጸም፣ ድንኳኑ የት እንደተተከለ አነባለሁ። የሞተ ሰው ከሌለ ደግሞ «ዛሬ የእድር መልእክት የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን» እላለሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህቺን ሳይሰማ ቀኑን አይጀምርም። ፒያሳ ወርቅ ቤት ያላቸው አንድ የአራት ኪሎ ጋሼ «እሷን ካልሰማሁ የሱቄን መዝጊያ አላነሳም» ብለውኛል።

አንድ ደንብ አለን። መርዶ ሳይነገር የሟች ስም በአየር ላይ አይወጣም። የቅርብ ዘመድ የሞትን ወሬ የሚሰማው ከሽማግሌ አፍ ነው፣ ያውም የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሆኖ። ሰብሳቢው ደውለው «አርድተናል» እስኪሉኝ ድረስ ስሙን ባውቀውም አላውቀውም።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሰብሳቢው የደወሉልኝ ጫማዬን ሳስር ነው። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«የድልድዩ እናት ልጅ…» አሉ። «መኪናው ተገለበጠ። አስከሬኑ ከሰዓት በኋላ ይገባል።»

የድልድዩ እናት ከራስ መኮንን ድልድይ በታች፣ ገና ካልፈረሱት ግቢዎች በአንዱ የሚኖሩ አድማጫችን ናቸው። ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ በሬዲዮ እውነተኛ ስም መናገር አይወዱም። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፣ የከባድ መኪና ሾፌር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰላምታ ሰዓታችን ይደውሉና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላሉ፦ «በጅቡቲ መስመር ላይ ላለው ልጄ፣ እናትህ ቀስ ብለህ ንዳ ብላሃለች በይልኝ።» አንድ ጊዜ አላስችል ብሎኝ «እማማ፣ እኛ እኮ ፖስታ ቤት እንኳ አንደርስም፤ ጅቡቲ እንዴት አድርጎ ይሰማል?» ብያቸው ነበር። «አንቺ በይው ብቻ፤ የማድረሱ ነገር የእኔና የአምላኬ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም፤ በየሳምንቱ እለዋለሁ።

«አሁኑኑ አትነግሯቸውም?» አልኳቸው ሰብሳቢውን።

«ታላቅ ወንድማቸው ከወልቂጤ እየመጡ ነው። እሳቸው ሳይኖሩ ብናረዳ ማን ይይዛቸዋል? አራት ሰዓት ግድም ይደርሳሉ። እስከዚያ ሬዲዮውን አደራ።»

ፕሮግራሜ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ነው። የድልድዩ እናት ደግሞ ሬዲዮአቸውን ከፍተው ነው የሚውሉት። ሰላምታው ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወደ አራት ኪሎ ሽቅብ እየሮጥኩ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ደውለው ሰላምታቸውን ቢልኩ ምን ልል ነው? ለሞተ ሰው ቀስ ብለህ ንዳ ልል ነው? እሳቸው በኋላ ያንን ቃል እያስታወሱ ሊኖሩ ነው?

ስቱዲዮ ስደርስ ለቴክኒሻኑ ነገርኩት። አፉን ፒያሳ የፈታ ልጅ ነው፣ ምንም ነገር አያስደነግጠውም።

«የለም በያ፣ በቃ» አለኝ።

«ሰው ሞቶ ፈጣሪ ይመስገን ልበል?»

«እንግዲያው ዝለያት። አቦ አታካብጂ፣ ማን ልብ ይላል?»

ለሁለታችንም ብልህነት መሰለን። ውሸትም አንናገርም፣ መርዶም አናበላሽም። ዜናው አለቀ፣ የእድሩን ዘለልነውና ዘፈን ልንለቅ ስንል ደግሞ ዘፈኑ ጣጣ ሆነ። ትዝታ ብንለቅ ይጠረጥራሉ፤ ጭፈራ ብንለቅ ነውር ነው። በመጨረሻ ስለ ችግኝ የሚያወራ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ዘፈን ተገኘ። እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው ያስተዋወቅሁት።

ዘፈኑ ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ። መስመሩን በቀጥታ ከፈትኩት፤ ወርቅ ቤቱ ጋሼ ናቸው።

«እህቴ፣ ዛሬ የእድሩን ዋጥሽው እንዴ?»

«ሰዓት አጥሮን ነው፣ ጋሼ።»

«ለችግኝ የበቃ ሰዓት ለሰው አጠረ?»

ሳቅሁ፤ ሳቄ የእኔ አይመስልም ነበር። ከዚያ በኋላ የገቡትን ስልኮች በአየር ላይ ማውጣት አልደፈርኩም፤ በጆሮ ማዳመጫዬ ብቻ እሰማቸዋለሁ። አንድ ሰው ደወለ፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል። እናቱ ሆስፒታል ተኝታለች። አብራት ያደረችው እህቱ ስልኳን አታነሳም። «እኔን ነው የምትደብቁት?» አለኝ። ቀጥሎ አንድ ባለሱቅ አባት፣ ወንድማቸው ቡታጅራ ታመው የሰነበቱባቸው። «ወላሂ አልጮህም ልጄ፤ ብቻ ንገሪኝ» አሉ። ቀጥላ አንዲት ሴት «ልጄ ወታደር ነው» ብላ አለቀሰች።

ምን እንደሠራን ያን ጊዜ ገባኝ። የእድር መልእክት አለ ካልን ሰዉ ስሙን ይሰማል። የለም ካልን ይመሰገናል። ዝም ስንል ግን፣ ደንባችንን ሁሉም ያውቃልና፣ «ሰው ሞቷል፣ መርዶው ገና ነው» ማለታችን ነበር። የታመመ ያለው፣ መንገደኛ ያለው፣ የራቀ ሰው ያለው ሁሉ የዝምታውን ቃል ለራሱ ወሰደው። አንዲት ሴት ከሐዘን ልናተርፍ ብለን ሰፈሩን በሙሉ ሐዘን አስቀመጥነው።

ደግሞ መልስ መስጠት አልችልም። አንዱን «እርስዎን አይደለም» ካልኩ ለሁሉም ማለት አለብኝ፤ እንዲህ እያልኩ ስሄድ መጨረሻ ላይ «አይደለም» የማልለው አንድ ሰው ይቀራል። ይህን እያወቅሁ፣ እናቱ ሆስፒታል የተኛችበት ሰው ሁለተኛ ሲደውል አልቻልኩም። «ወንድሜ፣ አንተን አይደለም፤ እናትህ ደህና ናት» አልኩት። ደህና መሆኗን በምን አውቄ? አፌ ነው የቀደመኝ። ሰውየው «እፎይ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ወሬ እግር አለው። በአንድ ዘፈን ጊዜ ውስጥ «ደውሉና ጠይቁ፤ ትናገራለች» ተባለ። ስልኩ ማቆሚያ አጣ። ለባለሱቁ፣ አይደለም። ለወታደሩ እናት፣ አይደለም። ለግንፍሌ፣ ለፒያሳ፣ ለአራት ኪሎ፣ አይደለም፣ አይደለም። በጠራ ቁጥር የድልድዩ እናት ናቸው እላለሁ። ስልክ የሌላቸው ሁለት አሮጊቶች ነጠላቸውን እየጎተቱ ግቢው በር ድረስ መጥተው ዘበኛውን አስጨነቁት። ቴክኒሻኑ፣ ያ ምንም የማያስደነግጠው ልጅ፣ ሲጋራውን ሳያጨስ በጣቱ አፈረሰው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። የሰላምታው ሙዚቃ ገባ። «የሰላምታ ሰዓታችን ነው» አልኩና መስመሩን ከፈትኩ። አንድ ተማሪ ለጓደኞቹ ላከ። አንዲት ልጅ ለእጮኛዋ። ሰብሳቢው በእጅ ስልኬ ደውለው የእናትየው ወንድም ጦር ኃይሎች አካባቢ መንገድ ተዘግቶባቸው መቆማቸውን ነገሩኝ። ሌላ ሰላምታ፣ ሌላ ሰላምታ። የድልድዩ እናት አልደወሉም።

«ካርድ አልቆባቸው ይሆናል» አለ ቴክኒሻኑ።

በዚያ ጠዋት ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ያልደወለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አራት ሰዓት ሲሞላ ማይኩን ለተማሪዎቹ ትቼ ወደ ድልድዩ በረርኩ። ማን እንደጠራኝ እንጃ፤ ብቀር ግን እብድ ነበር የምሆነው። ከድልድዩ አጠገብ፣ በጎዳና ነጋዴዎቹ መሀል፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። የእናትየው ወንድም ገና ከታክሲ መውረዳቸው ነው፤ ረጅም፣ ከዘራ የያዙ ሰው። ወደ ግቢው ወረድን። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

በሩ ክፍት ነበር። አልጋው ተነስቶ ከግድግዳ ተደግፏል። ፍራሾች ዙሪያውን መሬት ላይ ተነጥፈዋል፣ ከጎረቤት የመጣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ግቢ ውስጥ ልብስ የምታጥብ ጎረቤት ነበረች፤ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ወንበሩን ለምን እንደተዋሷት እንኳ አልጠየቀችም። የድልድዩ እናት ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መሬት ተቀምጠዋል። ሬዲዮው መስኮት ላይ ነው፤ ተማሪዎቹ ስለ ፈተና ይሳሳቃሉ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እህታችን፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ…»

«ግቡና ቁጭ በሉ መጀመሪያ» አሉ እሳቸው። ወንድማቸውን ቀና ብለው አዩ። «ከወልቂጤ ድረስ አስመጡህ?»

ወንድማቸው ከዘራቸውን ጣሉና አጠገባቸው ወደቁ። ያን ጊዜ ነው ጩኸቱ የወጣው። የጎረቤቶቹ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ልብስ አጣቢዋ በአረፋ እጇ ሮጣ ገባች። እኔ በሩ ላይ ተገትሬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በራሴ ተናድጄ ነበር፣ በዚያ በተረገመ ብልህነታችን ተናድጄ ነበር።

ትንሽ ቆይተው ድምፃቸው ሲዝል እኔን አዩኝ። በእጃቸው ጠሩኝና ጎንበስ አልኩ።

«ይሄ ግድግዳ ስስ ነው» አሉኝ። «ይቺኛዋ ደውላ ‹ተመስገን፣ እኔን አይደለም› አለች። ያቺኛዋም። ከወዲያ ያሉትም። እኔም ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ደውዬ ምን ልትይኝ? አልጋውን አነሳሁ።»

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ለሱ ጊዜ አለው። አሁን ገና መስመር ያላገኘ ሰው ይኖራል፣ ስልክም የሌለው አለ። እስካሁን ልቡ ተንጠልጥሏል። ሂጂ። የእኔ ነው በያቸው። ይረፉ።»

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ቴክኒሻኑ ፊቴን ሲያይ ተማሪዎቹን በመሀል ቆረጣቸው፤ አንዳቸውም አላጉረመረሙም። ማይኩ ፊት ቆሜ የእድር መልእክቱን እንደ ደንቡ አነበብኩ፦ ስሙን፣ ሥራውን፣ ቀብሩ የሚፈጸምበትን ሰዓትና ቦታ። ቀጥዬ እናቱ ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። «የእኔ ነው፣ እናንተ እረፉ ብለዋል» አልኩ። በየቤቱ ተመስገን መባሉን አውቃለሁ። ማንንም አልታዘብም፤ እኔም የእናቴን ድምፅ ልሰማ ልደውል አስቤ ነበር።

ማይኩን ዘግቼ ስልኩን ጠበቅሁ። ከጠዋት ጀምሮ እንዳልጮኸ ሁሉ ጭጭ አለ። በመስኮት ስመለከት ያ ወርቅ ቤት ያላቸው ጋሼ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከብዙ ሰው ጋር ወደ ድልድዩ ይወርዱ ነበር።