የቨርና መጥበሻ

ቨርና ሌድፎርድን ሞኝ የሚላት ሰው ካለ እኔ ፊት እንዳይል። ሞኝ አልነበረችም። እሷን ያጃጃልናት እኛ ነን፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኔ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። እኔንም ልጅ ሆኜ አብልታኛለች። ምሳ ሲደርስ ደወል አትጠብቅም፤ የብረት መጥበሻዋን ይዛ በሩ ላይ ትቆምና በማንኪያ ሦስት ጊዜ ትመታዋለች። እኛም እየተጋፋን እንሮጣለን። ጡረታ ወጥታ፣ ባሏ ሆይትም ሞቶ ብቻዋን ስትቀር፣ ያንኑ መጥበሻ የድብ መጥሪያ አደረገችው።

አትሳቁ። እዚህ ተራራ ላይ ድብ ብርቅ አይደለም። የቆሻሻ በርሜላችንን በሰንሰለት እናስራለን፤ የመኪና በር ሳንቆልፍ አናድርም። አንድ ዓመት ግን ድቦቹ ፍሬውን የሚበሉት የኦክ ዛፍ ሳያፈራ ቀረና፣ ጆሮዋ የተቀደደ ጥቁር ድብ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ከጫካው ወጣች። ቨርና አላስቻላትም፤ የበቆሎ ዳቦ ጋግራ ሰጠቻት። በማግስቱም ሰጠቻት። ፐርል የሚል ስም አወጣችላት። ከዚያማ ልማድ ሆነ። ቀትር ላይ መጥበሻው ሦስቴ ይመታል፣ ፐርል ትመጣለች፣ ግቢው ዳር ቁጭ ብላ ትበላለች፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን እንኳ በረንዳ ላይ ወጥታ አታውቅም።

ሕግ እንደሚከለክል ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ታጣፊ ወንበራችንን ይዘን ሄደን እናይ ነበር፤ በስልክ እንቀርጽ ነበር። ከዳቦውም እንበላ ነበር።

«ዶይል፣ ከድብ ጋር ስትሻማ ትንሽ አታፍርም?» ትለኛለች እየሳቀች። «ቆይ ተራህን ጠብቅ፤ መጀመሪያ እሷ ትጥገብ!»

በመስከረም የሚስቴ እህት ከነባሏ ከከተማ መጣች። ድብ ካላየን ወይ ፍንክች አሉ። ያን ሰሞን ቨርና ከእኔ ቤት ቀጥሎ ባለው ቤቷ ጉንፋን ጥሏት ተኝታ ነበር። እኔ ጀግናው ታዲያ ምን አደረግሁ? የሚስቴን መጥበሻ አወጣሁና በረንዳዬ ላይ ቆሜ ደበደብኩት። በቅርብ ይዩዋት ብዬ ዶናት ከደረጃው እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ደረደርኩ፤ በሩንም ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ፐርል መጣች። ዶናቷን እየለቀመች ገባች። የሚስቴ እህት ጩኸቷን ስታቀልጠው እንስሳዋ ደነገጠችና መውጫው ጠፋባት፤ ማቀዝቀዣውን ገለበጠችው፣ የባሏን ክንድ ቦጨቀችው፣ ከዚያ በመስኮት ዘላ ወጣች። ክንዱ አሥራ አራት ቦታ ተሰፋ። ሐኪሙ ምን ሆናችሁ ሲለን፣ «በሩን ራሷ ከፍታ ገባች» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። እንግዶቼም ስላፈሩ ዝም አሉ።

በማግስቱ ትሬንት የሚባለው የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪ በተጎታች ላይ የተጫነ ትልቅ የብረት በርሜል ይዞ መጣ። ወጥመድ ነው፤ ድቧ ገብታ ምግቡን ስትነካ በሩ ይዘጋባታል።

«ሰው ጠርቷት ከሆነ ጥፋቱ የሰው ነው» አለኝ። «ሩቅ ተራራ ወስደን እንለቃታለን። ሰው ያለበት ቤት በራሷ ከፍታ የገባች ድብ ግን ትገደላለች። እርግጠኛ ነህ አይደል?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩት።

ሰማችሁ? አንዲት ቃል ነበረች የምታድናት። ያቺን ቃል ባወጣ እቀጣለሁ፣ ሰፈሩም ዕድሜ ልኬን ይስቅብኛል ብዬ ዋጥኳት። ሰፈሩ ደግሞ ጥፋቱን በሙሉ ቨርና ላይ ሲለጥፍ ቆሜ ሰማሁ።

አራት ቀን ሙሉ ፐርል ወጥመዱን ዞር ብላም አላየችው። የሰፈሩ ማኅበር ሊቀ መንበር ጋርኔት መላ አመጣች። «ቨርና ትጥራት» አለች። «ለእሷ ትገባለች። እንደምትገደል ግን ማንም ትንፍሽ እንዳይል።»

«በኋላ ብትሰማስ?» አላት ትሬንት።

«እህ! አሮጊት አይደለች? ትረሳዋለች።»

ሦስታችን ቨርና ቤት ሄድን። ጋርኔት ቀጥ ብላ ቆማ ወደ ላይኛው ተራራ ነው የሚወስዷት አለቻት። ትሬንት ጫማውን ያያል። ቨርና ሁለቱንም ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«ዶይል፣ ከእጄ በልተህ ነው ያደግኸው። አይገድሏትም?»

«አይገድሏትም እትዬ ቨርና። ምን በወጣኝ እዋሽሻለሁ?»

ዳቦውን ጋገረችው፤ ማሩንም አብዝታ ጨመረችበት። በርሜሉ ውስጥ አስቀመጠችና ሦስቴ መታች። ፐርል መጣች፣ ብረቱን አሸተተች፣ ወደ ኋላ አለች፣ ከዚያ ቨርናን አየቻት።

«ግቢ ልጄ። ግቢ፣ ምንም አትሆኚም።»

ገባች። በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ቨርና በቀዳዳው ጣቶቿን አሾልካ አፍንጫዋን ዳበሰችላት። ሌላ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ፣ «መንገድ ላይ እንዳይርባት» ብላ ለትሬንት ሰጠችው። ተቀበላት። ፐርልን ግን ቀኑ ሳይመሽ ገደሏት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቨርና ደስ ብሏት ሰነበተች። ባየችኝ ቁጥር «አሁን እዚያ ላይ የኦክ ፍሬ ታገኝ ይሆን?» ትለኛለች። «ታገኛለች» እላታለሁ። በኋላ ጋርኔት የፖስታ ሣጥኑ ጋ አግኝታት፣ ወሬው ሰለቻት መሰለኝ፣ «ተይ እንግዲህ ቨርና፤ እሷ እኮ ያኔውኑ ሞታለች» አለቻት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ደጃፌ ላይ መጥበሻ ተመታ። ሦስት ጊዜ። ከፈትኩ። ቨርና ነበረች፤ ዳቦ አልያዘችም።

«ስንት ጊዜ መታሁ?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«ያን ቀን አንተ አራት ጊዜ ነው የመታኸው። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስቆጥር ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተ እንድትናገር ጠበቅኩህ። አይገድሏትም ስትለኝ ደግሞ አመንኩህ። ራሱ የጠራትን ራሱ አያስገድላትም ብዬ ነዋ! ሄጄ በእጄ አስገባኋት፣ ዶይል።»

መጥበሻውን ደረጃዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሚስቴ ላስገባው ወይ ስትለኝ አትንኪው አልኳት። ዝናብ እየመታው ዝጓል።