ተነሺዋ ኳስ

ልጄ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኳን አምጥታ አንዲት የውጭ አገር ልጅ ክንዷን አዙራ ኳስ ከታች ስትወረውር አሳየችኝ። «እማዬ፣ አንቺ ትጫወቺው የነበረው ይሄ አይደል?» አለች። ስልኩን መለስሁላትና ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር ላይ ሶፍትቦል የሚባለውን፣ ከታች የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ እንጫወት ነበር ብል ማን ያምነኛል? የስፖርት መምህራችን ቀድሞ ከነበሩ ፈረንጅ አስተማሪዎች የተማረውን ለእኛ ለሴቶቹ ያስተምረን ነበር። ኳሷም እነሱ ጥለዋት የሄዷት፣ ስፌቷ የላላ ነበረች። ከውርወራው ሁሉ የከበደኝ «ተነሺዋ» የምንላት ናት። ጣትን ከኳሷ ሥር አድርጎ፣ ስትለቀቅ የእጅ አንጓን በፍጥነት ወደ ራስ ማጠፍ ነው። ኳሷ ወደ ፊት እየሄደች ወደ ኋላ ትሾራለች፤ መቺዋ ዘንድ ስትደርስም ሽቅብ ትነሳለች ይባላል።

የእኔ እጅ ግን እንዝርት የለመደ ነው። እንዝርቱን ጭኔ ላይ ወደ ፊት እየገፋሁ ሳሾር አድጌ፣ ኳሷንም ሳላውቀው ገፍቼ እለቃታለሁ፤ እሷም አፈር ትልሳለች። ታላቅ ወንድሜ አዱኛ ከትምህርት መልስ ከቤታችን ጀርባ ካለው ጨፌ ላይ ከረጢት እጁ ላይ ጠቅልሎ ይቀልብልኝ ነበር።

«አንች፣ ወርውሪ አልሁ እንጂ ፍተይ አልሁሽ?» ይለኛል።

የባቄላ እሸት በደረሰበት ሰሞን ቀበሌው አዱኛን ለብሔራዊ ውትድርና መለመለው። እናታችን እያለቀሰች በሶ አዘጋጀች። እኔ ለማንም ሳልናገር ተሳልሁ። ሰው ለታቦት ጧፍ ይሳላል፤ እኔ፣ እሱ ሳይሄድ ኳሷ አንዴ ከተነሳችልኝ በሕይወት ይመለሳል አልሁ። ልጅነት እንዲህ ያለ ጅልነት አያጣም።

በመሄጃው ዋዜማ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣቴን አደንዝዞት ነበር። እወረውራለሁ፣ ትወድቃለች። እንባዬ መጣ።

«እቴ፣ ምን ያስለቅስሻል? ኳስ ናት እኮ» አለኝ፣ እሸት እያኘከ።

«አንዴ ብቻ ጨምርልኝ።»

«መሸ፣ አትታየኝም። ስመለስ እንጨርሳታለን።»

በማግስቱ መኪናው ምልምሎቹን ጭኖ በወረታ መንገድ ወረደ። አቧራው እስኪጠፋ ቆምን።

ከዚያ በኋላም ብቻዬን ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጋር ስወረውር ከረምሁ። ሁዳዴ ሲያዝ አንድ ቀን ተነሳች። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ሽቅብ ስትል በዓይኔ አየሁ። ደስ አላለኝም። ስለቴ «ሳይሄድ» የሚል ነበርና፣ ያችን ቃል ባላልኋት እያልሁ ከእግዜር ጋር ስከራከር ሰነበትሁ።

አዱኛ አልተመለሰም። መሞቱን የነገረን የለምና እናቴ ተዝካሩን ሳታወጣለት፣ ደጅ ደጁን እያየች ሞተች። እኔም በዚህች እጄ ላይ ቂም ይዤ አረጀሁ።

ያን እሑድ ልጄ ጓሮ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ለምን እንደወጣሁ አላወቀችም፤ የሚያስደስተኝ መስሏት ማስረዳቷን ቀጠለች።

«እማዬ፣ ኳሷ እኮ በእውነት አትነሳም። ወደ ኋላ ስለምትሾር አወዳደቋ ይዘገያል እንጂ። የሚታለለው ዓይን ነው።»

ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፤ ደገመችልኝ። የወንድሜን ነፍስ ያሰርሁት ማንም እጅ ከቶ ሊያደርገው በማይችል ነገር ላይ ኖሯል። እስከዚያ ቀን ድረስ ቢያንስ እጄን እወቅስ ነበር። አሁን የምወቅሰው እንኳ የለኝም።