ለየቡ የመረጥኩት ፕሮጀክተር

ዛሬም ሰው «የትኛው ፕሮጀክተር ይሻላል?» ብሎ ሲያማክረኝ ወሬ እቀይራለሁ። እኔን ብሎ መራጭ!

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ፣ ገበሬውን ስለ ቡና በሽታ በፊልም የሚያስተምር መሥሪያ ቤት ነበር የምሠራው። ሁለት ፕሮጀክተሮች በእርዳታ መጡ፤ አንዱ ለእኛ፣ ሌላው ለአጋሮ። ኮርስ የወሰድኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ አለቃዬ «አንቺው ምረጪ» አለኝ። ደረቴን ነፋሁ።

ማሽኑን የሚያሠሩት የጅማው በቾ ቦሬ ሰፈር ሰው፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሙስሊም ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ፣ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ ከተማ የሚኖረው አጎቱ ቡና ጫካ ውስጥ ደብቆታል። ከመሥሪያ ቤቱ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁለቱንም ቢሮ ውስጥ ሞከርናቸው። ትንሹ ክፍሉ ካልጨለመ ምንም አያሳይም። ትልቁ ግን መስኮት ተከፍቶ እንኳ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ።

«ትንሹ ይበቃናል፣ ልጄ» አሉኝ ጋሼ። «የቡ ስንሄድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ እናሳያለን።»

«ለአንድ ክፍል ሰው ነው እንዴ የቡ ድረስ የምንገላታው? ጋሼ፣ መሸከሙ ከብዶዎት ነው አይደል?»

«ወላሂ መሸከሙስ አይደለም። ሜዳ ላይ ካበራነው ጫካ ያለው ሁሉ ይወጣል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔውም ይወጣል። ልጅ ነው፣ አያስችለውም።»

«ይምከሩታ!» ብዬ ሳቅኩባቸው። አፌን በቆረጠው! ትልቁን ብዬ ፈረምኩ።

የቡ ቡና ማስጫው ሜዳ ላይ፣ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቀልን። ለስብሰባ ሲጠራ ድርሽ የማይለው ሕዝብ ገና ጀምበር ስትጠልቅ ሜዳውን ሞላው። ፊልሙ ሲጀመር ልጁም መጣ። ከሕጻናቱ ኋላ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያያል። የሚያየው የታመመ ቡና ነው፣ አጎቱ ጓሮ የሞላውን!

ጋሼ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም። ስለዚህ ለውትድርና የሚያፍሱ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጋዘኑን ዞረው ሜዳውን ሲከቡ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ዝም አልኩ። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጋሼ ኋላ ሲያዩዋቸው እጃቸው ወደ ማጥፊያው ሄደ። ቢጨልም ልጁ ጫካው ጥግ ነበር፣ ያመልጥ ነበር። መብራቱ ቢጠፋ ግን በሰዎቹ ፊት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። እጃቸውን ጨብጬ ያዝኩ።

«ጋሼ! ሳይበርድ ከጠፋ አምፖሉ ይፈነዳል!»

ኮርስ ላይ እንደዚያ ነው ያስተማሩን። መለዋወጫ አምፖልም አልነበረንም። እሳቸው ከእኔ ጋር ሲታገሉ ሰዎቹ ልጁን በዚያ ብርሃን ለይተው አንገቱን ያዙት። ጋሼ «ኢልመ ኮ! ልጄን!» ብለው ሲጮኹ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ልጁ ግን መኪና ላይ ተጭኖ ነበር።

ወደ ጅማ ስንመለስ መንገድ ላይ «ሰዎቹን አላየሻቸውም ነበር?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ ጋሼ።»

ልጁ አልተመለሰም፤ ከጦር ግንባር መርዶው መጣ። ሚስታቸው ለቅሶ ላይ ስታየኝ «ይቺን ከቤቴ አውጡልኝ!» ብላ ስትነሳብኝ፣ ጋሼ እጇን ይዘው «ተያት፣ አላየችም» አሏት።