ዝቅ ያደረግኳት መኪና

አስፋልቱ ደባርቅ ከደረሰ ወዲህ ሙሽራ ሁሉ መሬት ለመሬት የምትሄድ መኪና ካልሆነች አልሳፈርም አለ። እኔም የሰርግ ሥራ እንዳያመልጠኝ ብዬ የአሮጌ መኪናዬን ሞላ አስቆርጬ ዝቅ አደረግኳት። አማረችም! ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪው ወደ ግራ ይጎትተኛል፤ የፊት ጎማዎቹም በውስጥ በኩል እንደ ሳሙና ያልቃሉ። አላይመንት የሚሠራ፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ የሚያስተካክል ማሽን ያለው ጎንደር ነው። ዛሬ ነገ ስል የእናቴ የኦፕራሲዮን ቀን ደረሰ።

እናቴ ሆዷ ውስጥ እብጠት ነበረባት። የጎንደሩ ሐኪም፣ «ጠዋት ካልደረሳችሁ አልጋው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እሳቸው ደግሞ ሌላ ወረፋ የሚጠብቁበት ጊዜ የላቸውም» ብሎኛል። ዋዜማውን ደባርቅ ያለው መካኒክ ዘንድ ሮጥኩ። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እያየ፣ ሲያጠብቅ ሲያላላ ዋለ። «በል ሂድ፣ እጅህን ለቀህ ንዳት!» አለኝ። እውነትም ቀጥ ብላ ሄደች። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሁለታችንም የረሳነው ነገር ቢኖር ስንለካት ባዶ መሆኗን ነው። በእኛ አገር ደግሞ ታማሚ ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድም። ማለዳ በሩን ስከፍት አክስቴ ስንቋን ይዛ፣ አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የእናቴ የነፍስ አባት ደግሞ ጠበል በጀሪካን ይዘው ቆመዋል። «ኧረ በማርያም፣ መኪናዋ አትችልም!» ብል ማን ሰምቶኝ። «እህቴን ብቻዋን ልትሰዳት ነው?» ብላ አክስቴ ተቆጣችኝ። እናቴን ከፊት አስቀመጥኳት፤ ሦስቱም ከኋላ ገቡ። መኪናዋም ቁጭ አለች፤ ጎማዎቹ ተዛነፉ፤ የትናንቱ ልኬት ሁሉ ገደል ገባ።

ዳባትን ሳናልፍ መሪው እንደገና ይጎትተኝ ጀመር። ላብ አጠመቀኝ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፈነን። ወርጄ ሳይ የግራው ጎማ ሽቦው ወጥቷል። ስኮርታ ጎማውንም በፊት ጨርሼዋለሁ፤ የምቀይረው የለኝም። ወደ ጎንደር የሚወርዱት ሚኒባሶች ጢም ብለው፣ እጄን እያዩ ያልፉኛል። ፀሐይዋ ደግሞ አትጠብቀኝም።

«በፈጠራችሁ ውረዱልኝ! ቀስ እያልኩ ላድርሳት፤ እናንተ መኪና ስታገኙ ትከተሉናላችሁ» ብዬ ጮህኩ።

«እንዲህ ሆና ጥለናት? ሰው ምን ይለናል?» አለ አጎቴ። አክስቴ ታለቅሳለች። ቄሱም ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ «ታገሥ ልጄ፣ እሱ ያውቃል» አሉኝ። ልፈነዳ ደረስኩ። ጎማውን በእግሬ መታሁት፤ እንባዬም መጣ።

የፊተኛው በር ሲከፈት ሰማሁ። እናቴ ነች። በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ፣ በሌላው በሩን ተደግፋ፣ አንድ እግሯን መሬት አውርዳለች።

«በሞቴ አትጣሉ» አለች። «እኔ ልውረድ፤ መኪናዋ ቀለል ትልልሃለች።»