ፈቃድ ሳይኖረኝ ፈርሚ የተባልኩ ቀን

ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ባለው የጋሽ ተፈራ የትራንዚት ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን ዙሪያዬን ቃኝቼ፣ "እዚህ አንድም ዕቃ የለም፤ ታዲያ የምናስወጣው ምኑን ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሳቁ። "እኛ ዕቃ አንሸከምም። አስመጪውን ወክለን፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ለጉምሩክ በፊርማችን እንናገራለን።"

በአካውንቲንግ ተመርቄ ነበር የገባሁት። ኢንቮይስ አገናዝባለሁ፣ የዕቃውን ቀረጥ የሚወስነውን የታሪፍ ቁጥር እፈልጋለሁ፣ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጽ አዘጋጃለሁ። የታሪፉን መጽሐፍ ወደድኩት። ጃንጥላ፣ ከዘራና አለንጋ በአንድ ምዕራፍ መግባታቸውን ያየሁ ዕለት፣ ለምን ይሆን ስል ዋልኩ።

ሥራውን ከለመድኩ ዓመታት ካለፉ በኋላም ፊርማው የጋሽ ተፈራ ነበር። እሳቸው ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሲገቡ፣ ዳቦ ቤት ሊከፍቱ ሊጥ ማቡኪያ ማሽን ያስመጡት ጋሽ ሱልጣን መጡ።

"አንቺው ፈርሚበት የኔ ልጅ። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ አይደል?"

"ፈቃድ የለኝም ጋሼ።"

"የምትሠሪው አንቺ፣ ፈቃዱ የሳቸው! ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነገር ነው?"

ማኅተሙን አላወጣሁም። ጥያቄው ግን ስላልለቀቀኝ በማግስቱ ጉምሩክ ሄጄ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ አንዲት ኦፊሰር ጠየቅኩ።

"ኢትዮጵያዊት ነሽ፣ ዲግሪ አለሽ፣ የሥራ ልምድም አለሽ" አለችኝ ማስረጃዎቼን አይታ። "በኮንትሮባንድ፣ በግብር ወይም በማጭበርበር ተፈርዶብሽ ያውቃል?"

"በፍጹም!"

"እንግዲያው የቀረሽ ሥልጠናና ፈተና ነው። ስታልፊ ዋስትና ታቀርቢያለሽ።"

"ዋስትናው ለምንድን ነው?"

"ስህተት ሲገኝ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበታ።"

ጋሽ ሱልጣንን ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ቢሮ ወዳላቸው ፈቃድ ያላቸው ትራንዚተር፣ ወደ ወይዘሮ አልማዝ ወሰድኳቸው። ወይዘሮ አልማዝ ወረቀቱን አገላብጠው፣ "ዕቃውን ሳላይ አልፈርምም" አሉ። ጋሽ ሱልጣን አኮረፉ። ቢሆንም ጉምሩክን አስፈቅደን መጋዘን ሄድን።

ሳጥኑ ሲከፈት ውስጡ የጁስ መጭመቂያ ማሽኖች ተደርድረዋል። ላኪው ድርጅት የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት ጭኖ ኖሯል።

"ወይ ጉድ!" አሉ ጋሽ ሱልጣን ጭንቅላታቸውን ይዘው። "በዚህ ነው ሊጥ የማቦካው?"

እኔ የማስበው የኦፊሰሯን ጥያቄ ነበር። ፈርሜ ቢሆን ኖሮ፣ በማይገባኝ ማኅተም የሌለ ዕቃ አለ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ "በፍጹም" የምልበት አፍ አይኖረኝም።

ላኪው ጥፋቱን አምኖ ትክክለኛውን ማሽን ላከ፤ ዳቦ ቤቱም ዘግይቶ ተከፈተ። እኔ ሥልጠናውን ወሰድኩ። በመጀመሪያው ፈተና የዋጋ አተማመን ጥያቄዎች ጣሉኝ፤ በሁለተኛው አልፌ ዋስትናውን አቀረብኩ።

ጋሽ ተፈራ ከብዙ ወራት በኋላ ድነው ሲመለሱ ፈቃዴን አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩትና፣ "እንግዲህ ልትሄጂ ነዋ?" አሉኝ።

"ጠረጴዛ ካካፈሉኝ የት እሄዳለሁ?"

ዛሬም አንድ ቢሮ እንሠራለን፤ እያንዳንዳችን በየስማችን እንፈርማለን።

ፈቃድ ለማውጣት የምትዘጋጁ ልጆች መስፈርቱ በዛ ትሉኛላችሁ። መስፈርቱ ሥራውን መቻላችሁን ብቻ አይደለም የሚለካው፤ ስትሳሳቱ በስማችሁ ልትጠየቁ የምትችሉ ሰዎች መሆናችሁንም ነው።