የወይዘሮ ታደለች ፍሪጅ ዝም ያለ ቀን

ማለዳ፣ ሚዛን

ጭጋጉ ከአማን ኮረብታ ገና አልወረደም። የጋዝ መሰብሰቢያ ማሽኔንና ባዶ ሲሊንደሬን ሚኒባሱ ላይ ስጭን ሾፌሩ ፊቱን ቋጠረ።

«እህቴ፣ ይሄ አይፈነዳም?»

«ባዶ ነው። ስመለስ የአሮጌ ፍሪጅ ጋዝ ይይዛል።»

«ለዚህ ብለሽ ቴፒ ድረስ? ቧንቧውን ቆርጦ ጋዙን መልቀቅ ነው እንጂ!»

ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝና ጥያቄውን ለምጄዋለሁ፤ ነገሩን አስረዳሁት። የድሮው ጋዝ ከጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን ይበላል፤ አገሮች ተስማምተው ምርቱን ያስቆሙትም ለዚያ ነበር። ያው ጋዝ ግን ኪሎ ለኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ ሺህ እጥፍ ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ ለኦዞን የተገባው ቃል ከብዙ ሙቀትም አዳነን። ተተኪዎቹ ጋዞች ኦዞንን ባይነኩም ያሞቃሉና ኋላ እነሱንም ለመቀነስ ተስማሙ።

«ቡናችንን ያስቸገረው ዝናብ ከዚህ ነው በይኛ!»

«ከዚህ ብቻ አይደለም። ግን ድርሻ አለው።»

ረፋድ፣ ሸኮ

ጫካ፣ ቀይ አፈር፣ እርጥብ ቅጠል። መንገድ ዳር ሙዝ የያዙ ሴቶች። መስኮቱን ስከፍት ብርዱ ፊቴን ዳሰሰኝ።

እኩለ ቀን፣ ቴፒ

የጠራችኝ ሰናይት ናት፤ ሚዛን ነው የምትኖረው፤ ቀድማኝ እናቷ ወይዘሮ ታደለች ቤት ደርሳለች። ፍሪጁ ያጉረመርማል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሞተሩ ደክሟል፤ ቧንቧውንም ዝገት እየበላው ነው፤ ጋዙ ግን ገና አልወጣም።

«አታጥፊብኝ ልጄ» አሉ እናትየው። ሟቹ ባላቸው ለስላሳ ይሸጡበት ነበር። «ድምፁን ስሰማ እሱ ጓዳ ያለ ይመስለኛል።»

ሰናይት አቀረቀረች። እኔም መሣሪያዬን አልከፈትኩም።

«እማማ፣ አልዋሽዎትም፤ አይድንም። ቧንቧው ከተሸነቆረ ደግሞ ጋዙ ሰማይ ይወጣል።» የኦዞኑን ነገር አስረዳኋቸው።

«እንደ ቡና ጥላ ነዋ» አሉ። «ባለቤቴ የጥላ ዛፍ ሲቆረጥ አይወድም ነበር። በሱ ፍሪጅማ የሰማዩ ጥላ አይቀደድም።»

ሶኬቱን ራሳቸው ነቀሉት። ቤቱ ጭር አለ። መዳፋቸውን የፍሪጁ በር ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ እኔ ጋዙን ወደ ሲሊንደሩ ሳብኩ።

አመሻሽ፣ ሚዛን

አብራኝ ልትመለስ የነበረችው ሰናይት «ዛሬስ ከእማ ጋር አድራለሁ» ብላ ቀረች። ብቻዬን ተመለስኩ። ሲሊንደሩን ጋዙን ለሚያስወግዱት ሰዎች አስረክቤ ቤቴ እንደገባሁ ጌጫ ያለችው እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

«ምነው፣ ደህና አይደለሽም?»

«ደህና ነኝ እማ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። ዝም ብለሽ የፈለግሽውን አውሪኝ።»