በአጀንዳው መጨረሻ የቀረው ድልድይ

ምክር ቤት የሚባለውን ነገር እጠላዋለሁ። ቀበሌዬን ወክዬ አንድ የምርጫ ዘመን ሙሉ ተቀምጬበታለሁና የምጠላውን አውቀዋለሁ።

በወረቀት ላይ የወረዳው ጌታ እኛ ነን። ከመካከላችን አፈ ጉባኤና ምክትል እንመርጣለን፤ አስተዳዳሪውን እንሾማለን፤ እሱ የሚያቀርበውን ካቢኔ እናጸድቃለን፤ በየቋሚ ኮሚቴው ተከፋፍለን ሥራቸውን እንቆጣጠራለን። ላም አለኝ በሰማይ! አስተዳዳሪው በበሩ ብቅ ሲል ብድግ የምንለው እኛው ነን። ተቆጣጣሪው ገበሬ ማዳበሪያ የሚለምነው ከዚያው ከሚቆጣጠረው ሰው ነው፤ በምን አፉ ይጠይቀው?

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለወንዛችን የእግረኛ ድልድይ። ከሐምሌ ጀምሮ ወንዙ ሲሞላ ከጤና ጣቢያው እንቆረጣለን። ድጓ ሊማር ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ከርሞ የተመለሰው ወንድሜ አንዲት ልጅ አለችው። የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመናት ውሃው እስኪጎድል ዳር ቆመን ስንጠብቅ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መውለጃዋ ነሐሴ ነው። ለድልድዩ የሚሆነው የብረት ገመድ ወረዳው መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ እንጨቱንና ጉልበቱን እኛ እናወጣለን። የቀረው የምክር ቤቱ ውሳኔ ነበር።

የሚያዝያው ጉባኤ ጧት ተከፈተ። አፈ ጉባኤው አጀንዳውን አነበቡ፤ ሪፖርት፣ አሁንም ሪፖርት፣ ሹመት፣ በመጨረሻ «ልዩ ልዩ»። ድልድዬን እዚያ ውስጥ ከተውታል። «አስተያየት ያለው?» አሉ። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሁሉ ከምሳ በኋላ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እኔም ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። «ወደ ፊት ይምጣልኝ» ብል ይበቃ ነበር። ግን ጧት በጧት ከሹም ጋር ምን አጣላኝ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ እጄን ከሌላው ጋር አወጣሁ። አጀንዳው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሪፖርቱ እስከ ምሳ ተንዛዛ። ከምሳ መልስ የሩቆቹ ዱላቸውን እያነሱ አንድ በአንድ ወጡ፤ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ አለባቸው፣ አልፈርድባቸውም። ተራዬ ደርሶ ስነሣ አፈ ጉባኤው ቆጠሩን። ከግማሽ በታች ነን። «ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ ለሚቀጥለው መደበኛ ጉባኤ ይተላለፍ» ብለው ፋይላቸውን ዘጉ። የሚቀጥለው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። እሳቸውን ብሰድብ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስድቡ ግን ወደ ራሴ ዞረብኝ።

በማግሥቱ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። ልጅቱ ገብስ ታበጥራለች። ስለ ቆጠራው በምሬት ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ ጠየቀችኝ።

«ጧት አጀንዳው ሲነበብ አልነበሩም?»

«ነበርሁ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም።»

ሰፌዷን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ወንዙ እንኳ ሊመጣ ሲል ይጮሃል» አለችኝ።

ሰኔ ላይ፣ ውሃው ሳይሞላ፣ ልብሷን ጠቅልላ ጤና ጣቢያው ወዳለበት ማዶ ተሻገረች። ከባሏ ዘመድ ቤት ተጠግታ ከረመችና ጤና ጣቢያው ውስጥ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ለክርስትናው አገሩ ሁሉ ተጠራ፤ እኔን የጠራኝ የለም።